የጭስ ማውጫው ቃልና የሳተላይቱ ምስክርነት

አንድ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ «ወደ አየር የምለቀውን ጎጂ ጋዝ በእጅጉ ቀንሻለሁ» ቢል፣ እውነቱን መናገሩ በምን ይታወቃል? ጋዙ አንዴ ከወጣ ነፋስ ይወስደዋል፤ መልሶ የሚሰፍረው የለም። ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች፣ በተለይም የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች በተደረደሩበት በኦሃዮ ወንዝ ሸለቆ፣ ፈጽሞ በማይመሳሰሉ ሁለት መለኪያዎች ተመርምሯል። አንደኛው በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለ መሣሪያ ሲሆን ሁለተኛው ከምድር በ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞር ሳተላይት ነው።

የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ስንል በዋናነት ናይትሪክ ኦክሳይድንና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ማለታችን ነው። ብዙ ተማሪዎች እነዚህ ጋዞች ከነዳጁ ብቻ የሚመጡ ይመስላቸዋል። የድንጋይ ከሰል በውስጡ ጥቂት ናይትሮጅን መያዙ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ራሱ ናይትሮጅን ነው። የነበልባሉ ሙቀት ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲያልፍ ጠንካራው የናይትሮጅን ሞለኪውል ትስስር እየተበጠሰ ከኦክሲጅን ጋር መዋሃድ ይጀምራል። ስለዚህ ነዳጁ የቱንም ያህል ቢጣራ ችግሩ አይወገድም።

ጋዙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያስከትላል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲሰነጠቅ አንድ የኦክሲጅን አቶም ይለቃል፤ ይህም አቶም ከኦክሲጅን ሞለኪውል ጋር ሲጣመር ኦዞን ይፈጠራል። በአየሩ ውስጥ በትነት የሚገኙ የካርቦን ውህዶች ሲታከሉበት ኦዞኑ እየተከማቸ ይሄዳል። ኦዞን በላይኛው ከባቢ አየር ጋሻችን ነው፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገኝ ግን ሳንባን ይጎዳል፣ የአስም ሕመምተኛን ያስጨንቃል፣ ሰብልን ያቀጭጫል።

ነፋስ ደግሞ የግዛት ወሰን አያውቅም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ደንብ የምሥራቅ ግዛቶች ኦዞን በሚበረታባቸው የበጋ ወራት ልቀታቸውን እንዲቀንሱ ያዘዘው፣ የአንዱ ግዛት ጭስ የሌላውን አየር ይበክል ስለነበር ነው። ደንቡ በአብዛኛው በ2003 እና በ2004 ተግባራዊ ሆነ። ብዙ ማመንጫዎች ነበልባሉን የሚያበርዱ ማቃጠያዎችን ተከሉ፤ ትልልቆቹም በጭሱ ላይ አሞኒያ እየረጩ በካታሊስት ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። በዚህ ዘዴ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ የሚለወጥ ሲሆን፣ መሣሪያው በሚገባ ከሠራ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ጋዝ ያስቀራል።

«በሚገባ ከሠራ» የሚለው ሐረግ ሊዘለል አይገባም። አሞኒያው ገንዘብ ያስወጣል፤ መሣሪያውን ተክሎ ያለ ሥራ ማስቀመጥም ይቻላል። በ1990 የተሻሻለው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ትልልቅ ማመንጫዎች በጭስ ማውጫቸው ላይ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ እንዲተክሉና ውጤቱን በየሰዓቱ እንዲመዘግቡ ያስገደደው ስለዚህ ነው። መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር መዝገብ ያለው አገር ጥቂት ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚገኘው በተለኪው ግቢ ውስጥ ነው፤ ምንም እንኳ በየጊዜው ቢፈተሽ፣ ከውጭ የሚመሰክር ሌላ ዓይን መኖሩ ይመረጣል።

ያ ዓይን ሳተላይቱ ነው። የአሠራሩ መሠረት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምናውቀው የቤርና የላምበርት ሕግ ነው፦ ብርሃን በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ በመንገዱ ባሉት ሞለኪውሎች ብዛት ልክ ይደክማል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሰማያዊውን ብርሃን፣ በተለይም በ400 እና በ500 ናኖሜትር መካከል ያለውን፣ ይውጣል፤ ነገር ግን ወጥ በሆነ መጠን አይደለም። በአንዱ የሞገድ ርዝመት ብዙ፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ጥቂት እያለ እንደ ጣት አሻራ የተለየ ምልክት ይተዋል። ከምድር ተንጸባርቆ የመጣውን የፀሐይ ብርሃን ሳተላይቱ ሲተነትነው ይህን አሻራ ያገኛል። አቧራና ደመና ብርሃኑን ቢያደበዝዙትም እንዲህ ያለ ጥርስ የመሰለ ምልክት ስለማይተዉ መለየት ይቻላል።

በ1995 የመጠቀው ጎም የተባለው መሣሪያ በአንድ ጊዜ 320 በ40 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ያይ ነበር፤ በ2002 የተከተለው ሲያማኪ ይህን ወደ 60 በ30 አጠበበው። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የሁለቱን መረጃ ከጭስ ማውጫዎቹ መዝገብ ጋር አነጻጸረ። ከ1999 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በኦሃዮ ሸለቆ የጋዙ መጠን በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። ይበልጥ የሚያሳምነው ግን ሌላኛው ግኝት ነው፤ መኪና ዋነኛ የጋዝ ምንጭ በሆነባቸው የሰሜን ምሥራቅ ከተሞች ቅነሳው አነስተኛ ነበር። ሳተላይቱ እያረጀ ወይም እየደከመ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ቦታ እኩል ቅናሽ ባሳየ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2018 የወጣ ጥናት በሳተላይት መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ከ2011 ወዲህ የአሜሪካ ልቀት የሚቀንስበት ፍጥነት እንዳዘገመ አስታወቀ። የጭስ ማውጫዎቹ መዝገብ ግን መቀነሱን እንደቀጠለ ነበር። ታዲያ ዋሸ የሚባለው ማን ነው? በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ማንም አልዋሸም የሚል መልስ ሰጠ። ሳተላይቱ የሚቆጥረው ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ሙሉ የአየር ዓምድ ነው፤ በዚያ ውስጥ መብረቅ የፈጠረው ጋዝ፣ ከአፈር የሚወጣው፣ ከሩቅ በነፋስ የመጣውም አለ። ዓምዱ 10 እጅ ሆኖ 2ቱ እንዲህ ያለ ቋሚ ድርሻ ነው እንበል። ማመንጫውና መኪናው የሚያወጡት 8 እጅ በግማሽ ቢቀንስ የቀረው 6 ይሆናል፤ ሳተላይቱም 50 በመቶ ሳይሆን 40 በመቶ ቅናሽ ያነብባል። አየሩ እየጠራ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ማመንጫዎቹስ? በ1990 በዓመት ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ ይለቁ የነበሩት በ2020 ከ1 ሚሊዮን ቶን በታች ወርደዋል፤ እርግጥ ለዚህ የድንጋይ ከሰል በተፈጥሮ ጋዝ መተካቱም ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህ ስሌት እኛንም ይመለከታል። በ2017 የመጠቀው ትሮፖሚ የተባለው የአውሮፓ መሣሪያ በየቀኑ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ በኢትዮጵያም ላይ ያልፋል፤ በአንድ ጊዜ የሚያየው መሬት 5.5 በ3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከተማን ከገጠር ይለያል፤ መረጃውም ያለ ክፍያ ይገኛል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ በአዲስ አበባ ላይ የምንፈልገው ምልክት በዋናነት የመኪናው ነው። ምልክቱ ከኦሃዮው ይልቅ ደካማ ነው፤ ስለዚህ መብረቁና አፈሩ የሚይዙት ድርሻ ይበልጣል። በክረምት ደግሞ ደመናው የሳተላይቱን ዓይን ይጋርዳል። መረጃውን አውርዶ የመመረቂያ ሥራ ሊያደርገው የሚያስብ ተማሪ፣ የዓምዱን ቁጥር ከማንበቡ በፊት ቋሚውን ድርሻ የሚቀንስበትን ዘዴ ቢያበጅ ይሻለዋል።