ቁልፉ ፋብሪካ የቀረ ታብሌት

አንጠልያስ ከቤይሩት በስተሰሜን፣ ዶራን፣ ዛልቃንና ጀል ኤዲብን አልፎ በባሕሩ ዳር አውራ ጎዳና ላይ የሚገኝ ከተማ ነው። የኪልቅያ አርመኖች ካቶሊኮስ መንበር እዚያ በመሆኑ ስሙ ከሊባኖስ ውጭም ይሰማል፤ በፎቆቹ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ደግሞ ስሙን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከአገር ቤት ጋር የሚነጋገሩበት መሣሪያ ሁልጊዜ አዲስ አይደለም። ማዳም ለልጆቿ ገዝታ የተወችው፣ ወይም እሑድ ዶራ ተወርዶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ርካሽ ታብሌት ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ታብሌት ብዙ ጊዜ አካሉ ደኅና ነው። ስክሪኑ አልተሰነጠቀም፣ ባትሪው ይይዛል፣ ዋይፋዩም ይሠራል። ያረጀው በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። ዋትስአፕ ለምሳሌ ከአንድሮይድ 5 በታች ባለ ስርዓት ላይ አይሠራም፤ ስርዓቱን ማደስ ደግሞ አምራቹ ካልፈቀደ አይቻልም። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣውን መንገድ ነው፤ የፋብሪካውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አውጥቶ በምትኩ ሌላ መጫን። የጸሐፊው አቋምም ከወዲሁ ይታወቅ፦ መሣሪያውን ማደስ ያቆመ አምራች ቁልፉን ለባለቤቱ ማስረከብ አለበት፤ እስኪያስረክብ ድረስ የራሱን ታብሌት የሚከፍት ሰው ጥፋት አልሠራም።

መቆለፊያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ታብሌቱ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው በዋናው ቺፕ ላይ በፋብሪካ የተቀረጸ፣ ከዚያ በኋላ ሊለወጥ የማይችል አጭር ፕሮግራም ነው። እሱም ቀጥሎ የሚነሣውን ቡትሎደር የተባለ ፕሮግራም ፊርማ ይመረምራል። ፊርማ ስንል በቁጥር ስሌት የተሠራ የአምራቹ ማኅተም ማለታችን ነው። ቡትሎደሩ በተራው የአንድሮይዱን ማኅተም ያያል። ማኅተሙ የአምራቹ ካልሆነ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። የሚያስገርመው አንድሮይድ ራሱ ክፍት መሆኑ ነው፤ ጉግል የፕሮግራሙን ምንጭ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ማንም እንዲወስደው ለሕዝብ ለቆታል። አማዞንም ፋየር የሚላቸውን ታብሌቶች የሚያሠራበትን ስርዓት የሠራው ከዚሁ ክፍት ምንጭ ወስዶ ነው። ሊኒየጅ የተባለው አማራጭ ስርዓትም የተወለደው ከዚያው ምንጭ ነው፤ በ2009 የተጀመረው ሳያኖጅንሞድ በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ተረክበው በዚህ ስም ቀጠሉት። ፖስትማርኬት የሚባለው ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ፣ ከአንድሮይድ ይልቅ በሊኑክስ ላይ የቆመ፣ አንድ ስልክ አሥር ዓመት እንዲያገለግል ዓልሞ የተነሣ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ የሚጫን ስርዓት አልጠፋም። የጠፋው ማስገቢያ በር ነው።

በሩ የሚዘጋው ይበልጡን ርካሽ በሆኑት ላይ የሆነው በዋጋው ምክንያት ነው። አማዞን የመጀመሪያውን ኪንድል ፋየር በኅዳር 2011 በ199 ዶላር ገበያ አወጣ፤ በዓመቱ የድርጅቱ መሥራች ጄፍ ቤዞስ ዕቃውን ያለ ትርፍ በወጣበት ዋጋ እንደሚሸጡ በይፋ ተናገሩ። በ2015 የወጣው ፋየር 7 ከ50 ዶላር በታች ነበር። ትርፉ የሚመጣው ገዢው በኋላ ከሚገዛው መጽሐፍ፣ ፊልምና መተግበሪያ፣ ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ ከሚታየውም ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ለማስነሣት 15 ዶላር ይጠየቃል። የጉግል ፕሌይ መደብር በውስጡ የለም። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ገዢው አውቆ የገባበት ውል ነው ሊባል ይችላል። መቆለፊያው ባይኖር ዋጋው ይጨምር ነበር የሚለውም መከራከሪያ እውነት አለው። ነገር ግን ውል ሁለት ወገን አለው። አምራቹ የደኅንነት ማደሻ መላኩን ካቆመና መደብሩ ለዚያ ሞዴል አዲስ ነገር ማቅረብ ከተወ በኋላ፣ ርካሹን ዋጋ ያስገኘው ዕዳ ተከፍሎ አልቋል። ቤቱን የሸጠ ሰው ኪራይ እየተቀበለ ቁልፉን ይዞ አይኖርም።

ጉዳዩ ሊባኖስ ላይ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ስላለበት ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል በ1,507.5 ሊራ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ2019 ቀውስ በኋላ 89,500 ሊራ ደርሷል። ደመወዟ በሊራ ለተከፈላት ወይም ጨርሶ ለቀረባት ሠራተኛ አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ቀላል ምርጫ አይደለም። አገር ቤትም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ታብሌቶች በጅምላ ተገዝተው ቆጠራው ግን ተደጋግሞ ተራዘመ። ታብሌት እንደ ወንበር መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ሣጥኑ ሳይከፈትም ሶፍትዌሩ ያረጃል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተረድቶ ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ ስልኮችና ታብሌቶች ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማደሻ እንዲያገኙ ደንግጓል። መልካም ሕግ ነው፤ ዶራ ላይ ተደርድረው ያሉትን አሮጌዎች ግን አይደርስላቸውም።

በሩ ክፍት ሲሆን ምን እንደሚሆን የሚያሳየው የኤች.ፒ. ታችፓድ ታሪክ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2011 ለገበያ ቀርቦ ሰባት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ድርጅቱ ተወው፤ ያለውንም በ99 ዶላር አራገፈው። ባለቤት የሌለው ስርዓት የተጫነበት ዕቃ ነውና በተለመደው ሒሳብ ሞቷል። ነገር ግን የታችፓድ በር እንደ ሌሎቹ አልተጠረቀመም ነበር፤ በጎ ፈቃደኞች በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሳያኖጅንሞድን ጫኑበት፣ ከዚያም ለዓመታት አዳዲስ የአንድሮይድ ትውልዶችን እየተከታተሉ አመጡለት። አምራቹ በሰባት ሳምንት የቀበረው ዕቃ በባለቤቶቹ እጅ ዘመናትን ተሻገረ።

የተጠረቀመውን መክፈት ምን እንደሚመስል ደግሞ በ2018ቱ ፋየር ኤች.ዲ. 8 ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ2019 መጀመሪያ የወጣው ዘዴ የሚጠይቀው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር፣ የዩኤስቢ ገመድና አንድ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ነው። የታብሌቱ ጀርባ በስስ ፕላስቲክ ተፈልቅቆ ይነሣል። ማዘርቦርዱ ላይ ወደ ማኅደረ ትውስታው የሚሄድ አንዲት ጢንጥዬ ነጥብ አለች፤ ሽቦው ያቺን ነጥብ ከአጠገቧ ካለው የብረት ክዳን ጋር እያገናኘ ሳለ ገመዱ ይሰካል። ቺፑ ማኅደረ ትውስታውን ማንበብ ሲያቅተው «ተበላሽቻለሁ፣ ፋብሪካ ያድነኝ» በሚል ዓይነት ወደ ዩኤስቢው ዞሮ ትእዛዝ መጠበቅ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ የሚጠብቀው ፕሮግራም ይይዘዋል፤ ሽቦው ይነሣል፤ በሚዲያቴክ ቺፕ ውስጥ በተገኘው ስህተት በኩል የማኅተም ምርመራው ይታለፋል። ስህተቱ ያለው በተቀረጸው ፕሮግራም ውስጥ ስለሆነ በማደሻ ሊጠገን አይችልም። ከዚያ ወዲያ ያለው በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ማስጫኛ ፕሮግራም ይገባል፣ የቀድሞው ስርዓት ይጠፋል፣ አዲሱ ይጫናል። ኋላ የተመረቱት ግን ይህ ቀዳዳ ተደፍኖባቸው ወጥተዋል። ስለዚህ ሁለት ታብሌቶች በውጭ አንድ መስለው አንዱ ሲከፈት ሌላው እምቢ ሊል ይችላል፤ የሞዴሉን ዓመትና የሶፍትዌሩን ቁጥር ሳያዩ «ይከፈታል» የሚል ባለሙያ ቢጠረጠር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለባለሙያ እንጂ ለተራ ሰው አይደለም የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ ከራሳችን አገር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ፣ ከነሣጥናቸው ሰጠ። ካሜራው ተዘግቶ ነበር፤ የስክሪኑንም ገጽታ መለወጥ እንዳይቻል የሚከለክል ሶፍትዌር ተጭኖ ነበር። በወራት ውስጥ ልጆቹ ካሜራውን አስነሡት፤ ገጽታውንም እያንዳንዱ እንደ ወደደው አደረገው። ታሪኩን ለዓለም የነገረው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ ልጆቹ አንድሮይድን ሰበሩት መባሉም የተጋነነ ነው፤ ያደረጉት ክልከላን ማለፍ እንጂ ስርዓቱን መተካት አልነበረም። ቢሆንም ያለ አስተማሪ ክልከላውን ማለፍ መቻላቸው ትልቅ ማስረጃ ነው። ይኸው ድርጅት ቀደም ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባቸው አምስት ሺህ ያህል ላፕቶፖችም የተሠሩት ስርቆትን ለመከላከል በሚቆለፍ ስርዓት ነበር፤ ነገር ግን የመክፈቻ ቁልፍ የሚፈልግ ተጠቃሚ ጠይቆ የሚያገኝበት መንገድ አብሮ ተሠርቶለት ነበር። መቆለፊያና ቁልፍ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ሌላም አለ፦ የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም፤ አማርኛው ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ፊደሉን በስርዓቱ ውስጥ ለማስገባት መሣሪያውን ሩት ማድረግ፣ ማለትም በስርዓቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን መያዝ፣ ግድ ነበር። የገዛ ቋንቋን ለማንበብ የሰው መቆለፊያ ማለፍ ማስፈለጉ ክርክሩን ከቴክኒክ አውጥቶ የመብት ያደርገዋል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የደኅንነቱ ነው። ቡትሎደሩ የተከፈተ ታብሌት በእጁ የገባለት ሰው ስርዓቱን ሊነካካው ይችላል፤ መሣሪያዋ በሌላ ሰው እጅ ሊወሰድ በሚችልባት ሠራተኛ ላይ ደግሞ ይህ የሐሳብ ብቻ አደጋ አይደለም። ይህን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን የፋብሪካው ማኅተም በራሱ ደኅንነት ነው ማለትም አይቻልም። በ2020 ሴኪዩር-ዲ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ተጠቃሚው ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎት የሚያስመዘግቡ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች አስቀድመው ተጭነው ተገኝተዋል። አምራቹ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ ወገን የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መስጠቱን ገልጿል። ስልኩን እንደ አዲስ ማድረግ እንኳ ኤክስሄልፐርን አያጠፋውም ነበር። ባለቤቱ ከፍቶ ሊያየውና ሊያጸዳው በማይችለው ስርዓት ውስጥ ሌባ ከገባ፣ መቆለፊያው የሚጠብቀው ሌባውን ነው። አማራጭ ስርዓትም ፍጹም አይደለም፤ በጎ ፈቃደኞች አንድሮይዱን ቢያድሱም የቺፑ አምራች የተወውን ክፍል ሊያድሱ አይችሉም። ምርጫው እንግዲህ ምንም በማይታደስና ከፊሉ በሚታደስ መካከል ነው፤ ከሁለቱ የኋለኛው ይሻላል።

መክፈት ሌቦችን ይጠቅማል የሚሉም ሁለት የተለያዩ መቆለፊያዎችን ያምታታሉ። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ የመጣው፣ ታብሌቱ እንደ አዲስ ሲደረግ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት የሚጠይቀው መቆለፊያ የባለቤቱ ነው፤ እሱን ሰብሮ ማለፍ በዚህ ጽሑፍ የሚደገፍ አይደለም። የቡትሎደሩ መቆለፊያ ግን የአምራቹ ነው። የአሜሪካ ሕግም ልዩነቱን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል፤ በ2010 ስልክን ከፍቶ የፈለጉትን መጫን ሲፈቀድ፣ በ2012 ታብሌት ተለይቶ ተከለከለ፣ በ2015 ግን ተፈቀደ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ታብሌቱ አይደለም።

የሚጠፋውም ነገር በግልጽ ይነገር። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች በተከፈተ መሣሪያ ላይ አይሠሩም፤ የፊልም አገልግሎቶች የምስል ጥራት ይቀንሳሉ፤ ካሜራው ወይም ብሉቱዙ በአዲሱ ስርዓት እምቢ ሊል ይችላል፤ ሥራው መሃል ላይ ከተቋረጠም ታብሌቱ ጨርሶ ሊሞት ይችላል። በውስጡ ያለው ፎቶና መልእክት ሁሉ እንደሚጠፋ ደግሞ እርግጥ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ኮምፒውተሩም ታብሌቱም ሙሉ ቻርጅ ላይ ሳይሆኑ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው። ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኛችሁ ይህ አንድ ታብሌት ብቻ ከሆነ ሌላ እስክታገኙ አትክፈቱት። ማስታወቂያውና የማትፈልጉት መተግበሪያ ብቻ ካስቸገራችሁ፣ በአንዳንድ ታብሌቶች ላይ ቡትሎደሩን ሳይነኩ በኮምፒውተር በኩል ማሰናከል ይቻላል።

ልትገዙ ዶራ የምትወርዱ ደግሞ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ አካውንቱን በፊታችሁ እንዲያወጣ አድርጉ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሞዴሉን ስምና የአንድሮይዱን ቁጥር ጻፉ፤ ሊኒየጅ ወይም ሌላ ስርዓት ለዚያ ሞዴል መኖሩን ሳታረጋግጡ «በኋላ ይስተካከላል» ብላችሁ አትውሰዱ።