የነርሷ ጋዎን ለምን ጠበበ?

ነርስ የሰው ጤና ትጠብቃለች። ሙቀት ትለካለች። የደም ግፊት ትለካለች። ቁስል ታጥባለች። መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች። ታዲያ የእሷን ጤና ማን ይጠብቅላት?

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሳንም። አንዳንድ የነርስነት ተማሪዎች ትምህርት ሲጀምሩ ቀጠን ያሉ ናቸው። ሲመረቁ ግን ብዙ ኪሎ ጨምረው ይወጣሉ። ሰው ሲያያቸው «ተመቻቸው» ይላል። እነሱ ግን ምቾት አላዩም። ያዩት ድካምና እንቅልፍ ማጣት ነው።

ዛሬ ይህ ክብደት ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴትስ እንደሚቀንስ እንመለከታለን። ነገሩ የነርሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘበኛም፣ ሹፌርም፣ ዳቦ ጋጋሪም፣ የፋብሪካ ሠራተኛም ሌሊት ይሠራሉ። ለእነሱም ይጠቅማል።

የአንዲት ተማሪ ታሪክ

ከእኛ ከአስተማሪዎቹ መካከል አንዷ የነርስነት ተማሪ ናት። ስሟን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች። ታሪኳን ግን «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ብላ ፈቅዳልናለች።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ነው። ትምህርት ስትጀምር ክብደቷ 54 ኪሎ ነበር። በ3ኛው ዓመት 67 ኪሎ ሆነ። 13 ኪሎ ጨመረች ማለት ነው። ለዚህ ቁመት ተስማሚው ክብደት ከ48 እስከ 63 ኪሎ ያህል ነው።

13ቱ ኪሎ በአንድ ቀን አልመጡም። አገር ቤት ሳለች ትምህርት ቤት የምትሄደው በእግሯ ነበር። ውኃ ትቀዳለች። እንጨት ትሸከማለች። ኮሌጅ ስትገባ ይህ ሁሉ ቀረ። ቀን ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሆነ። ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጥ ሆነ። የምትበላው ግን አልቀነሰም።

በ2ኛው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ ተጀመረ። የሌሊት ተራም መጣ። ተማሪዎቹ «ዲዩቲ» ይሉታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋርዱ ጸጥ ይላል። እንቅልፍ ዓይንን ይጫናል። ሆድም ይጮኻል። በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነችው በሩ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ብቻ ናት። እዚያ ምን አለ? ሻይ አለ። ቦንቦሊኖ አለ። ብስኩትና ለስላሳ አለ። ምስር የለም፤ ጎመንም የለም። «እስቲ ነቃ እንበል» ይባልና በስኳር የተሞላ ሻይ ይጠጣል። ቦንቦሊኖውም ይከተላል።

ሲነጋ መተኛት ነበረባት። ግን ትምህርት አለ። ፈተናም አለ። ስለዚህ 3 ወይም 4 ሰዓት ብቻ ተኝታ ትነሣለች።

እንዲህ እያለ ነጩ ጋዎን ትከሻዋ ላይ ያዛት። ቀጥሎ የሆዱ ቁልፍ አልገጥም አለ። ጓደኞቿ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ማታ ግን አለቀሰች።

እናስላ

በአንድ የሌሊት ተራ ስንት ስኳር ትወስድ ነበር? እርሳስና ወረቀት እናውጣ።

በሌሊት 3 ብርጭቆ ሻይ ትጠጣለች። በእያንዳንዱ ብርጭቆ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። 3 ጊዜ 3፣ 9 ነው።

በላዩ ላይ 1 ጠርሙስ ለስላሳ ትጠጣለች። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይገኛል። 9 ሲደመር 8፣ 17 ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ስኳር ምክር አውጥቷል። በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ባይበልጥ ይሻላል ይላል። እሷ በአንድ ሌሊት ብቻ 17 ወሰደች። ቦንቦሊኖው ገና አልተቆጠረም።

የአንድ ጠርሙስ ለስላሳን ኃይል አቃጥሎ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። ለመጠጣቱ ግን 5 ደቂቃ ይበቃል።

ሌሊት ለምን ያስርባል?

በሰውነታችን ውስጥ ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት ቀን ሥራ፣ ሌሊት ዕረፍት ይላል። ሌሊት ሰውነት ስኳርን እንደ ቀኑ በሚገባ አያብላላም። እንቅልፍ ሲያንስ ደግሞ «ራበኝ» የሚለው መልእክት ይበረታል። «ጠገብኩ» የሚለው ይደክማል። መልእክቱን የሚያደርሱት ሆርሞኖች ይባላሉ። በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ።

ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ ይርበዋል። ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል። ይህ ሆዳምነት አይደለም። በሰውየው ላይ መሳቅም አይገባም።

ነርሶች ለዓለም ያስተማሩት

ይህ እንዴት ታወቀ? ካስተማሩን መካከል ራሳቸው ነርሶች ይገኙበታል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ትልቅ የጤና ጥናት ተጀመረ። 121,700 ሴት ነርሶች ተካፈሉበት። ጥያቄው በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ይደርሳቸዋል። እነሱም መልሱን ጽፈው ይልካሉ። ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝኑ፣ ምን እንዳመማቸው ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ወጣት ነርሶች የተካፈሉበት ሁለተኛ ጥናት ተከተለ።

ለምን ነርሶች ተመረጡ? ስለ ጤና የተጠየቁትን በደንብ ተረድተው በትክክል መጻፍ ስለሚችሉ ነው።

ከዓመታት በኋላ መልሱ ተደምሮ ታየ። ብዙ ዓመት የሌሊት ተራ የሠሩት ይበልጥ ክብደት ጨምረዋል። በስኳር በሽታም ይበልጥ ተይዘዋል። ለስላሳ መጠጥ ያበዙትም እንደዚሁ ወፍረዋል። ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ የተገኘው በወረቀት ላይ ከተጻፈ መልስ ነው።

እናት ምን አሉ?

ተማሪዋ ለፋሲካ አገር ቤት ሄደች። እናቷ ከደጅ ሲያዩዋት እልል አሉ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ወዝሽ መጣ! ከተማው ተስማማሽ!» አሉ።

«እማዬ፣ ወፈርኩ እኮ» አለች።

«ምን ወፈርሽ! አሁን ገና ሰው መሰልሽ። በይ ይቺን ጉረሺ።»

በእናትየው መፍረድ አይገባም። የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ በልጅነታቸው አይተዋል። እህል ጠፍቶ ሰው ሲያልቅ አይተዋል። ለእሳቸው የከሳ ሰው ማለት የተራበ ወይም የታመመ ሰው ነው። የልጃቸው ጉንጭ ሲሞላ ደስ ይላቸዋል። ደስታቸው እውነት ነው።

ግን ሌላም እውነት አለ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። እነዚህ በሽታዎች ድምፅ የላቸውም። ለዓመታት ሳያሳምሙ ይቆያሉ። ረሃብ ይታያል፤ ግፊት ግን ካልተለካ አይታይም።

መራብ መፍትሔ አይሆንም

ከበዓሉ ስትመለስ ለመቀነስ ቆረጠች። ቁርስ ተወች። ምሳም ተወች። 5 ቀን እንዲህ አለች። በ6ኛው ቀን የአንድ ታማሚ ቁስል ስታጥብ ራሷን አዞራት። የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች። የዋርዱ ኃላፊ አይተው ጠሯት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?»

«ምንም አልበላሁም፣ ሲስተር።»

«ለምን?»

«ክብደት ልቀንስ ብዬ ነው።»

«ይህን ለታማሚ ትመክሪያለሽ?»

«ኧረ አልመክርም።»

«እንግዲያው ለራስሽም አትምከሪ» አሏት። ከዚያ ዳቦና እንቁላል አስመጡላት።

ሲስተር ትክክል ናቸው። ቀን ሙሉ የተራበ ሰው ማታ አብዝቶ ይበላል። ጉልበቱም ይደክማል። ነርስ ደግሞ እጇ ቢንቀጠቀጥ የሚጎዳው ታማሚው ነው።

«የሚያከሳ ሻይ» እየተባለ የሚሸጥም አለ። አንዳንዱ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አለበት። ሰውየው በተቅማጥ ውኃ ያጣል። ሚዛኑ ይቀንሳል፤ ስቡ ግን አይነካም። ውኃ ሲጠጣ ሚዛኑ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ነገር መግዛት ገንዘብንም ጤናንም ማባከን ነው።

ታዲያ ምን አደረገች?

አንደኛ፤ ደብተር ገዛች። የበላችውንና የጠጣችውን ሁሉ፣ ሰዓቱን ጨምራ ጻፈች። በሳምንቱ መጨረሻ ስታነበው ገረማት። ችግሩ ያለው ምሳው ላይ አልነበረም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስኳሩን ቀነሰች። በ3 ማንኪያ ፈንታ 2 አደረገች። ከወር በኋላ 1 አደረገች። ለስላሳውን በውኃ ተካች።

ሦስተኛ፤ ለሌሊት ተራ ምግብ መያዝ ጀመረች። ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በምስር ወጥ የተጠቀለለ እንጀራ ትይዛለች። ከተራው በፊት ራቷን በልታ ትሄዳለች። በጾም ጊዜ እንቁላሉ በሽምብራ ይተካል። ወጡም ላይ ዘይት ይቀነሳል። ጾም ነው ተብሎ ዘይት ከበዛ ክብደት አይቀንስም።

አራተኛ፤ ተራመደች። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብላ ትሄዳለች። 5 ጊዜ 30፣ 150 ደቂቃ ነው።

አምስተኛ፤ ከሌሊት ተራ በኋላ መስኮቱን በነጠላ ጋርዳ፣ ስልኳን ዘግታ ትተኛለች። ጥናቱን ከእንቅልፍ በኋላ አደረገችው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተመዘነች። አንዳንዱ ሳምንት ግማሽ ኪሎ ይቀንሳል። አንዳንዱ ሳምንት ምንም አይልም። በፈተና ሰሞን 2 ኪሎ መልሳ ጨመረች። ተስፋ ግን አልቆረጠችም። በ8 ወር 60 ኪሎ ደረሰች። 54 አልተመለሰችም፤ መመለስም አያስፈልጋትም። ጋዎኑ ገጠመ፤ ጤናማው መጠን ውስጥም ገባች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ጥቂት መቀነስም ዋጋ አለው። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበት የአንድ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል። ሰዎቹ ክብደታቸው የበዛ፣ በደማቸው ውስጥም ስኳር ከፍ ያለባቸው ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ክፍል አመጋገቡን እንዲያስተካክልና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። የተሰጠው ግብ ከ100 ኪሎ 7 ኪሎ መቀነስ ነበር። በዚህ ክፍል የስኳር በሽታ ከ100 እጅ 58 እጅ ቀነሰ።

ግፊቱ የማን ነበር?

ተማሪዋ እንደገና አገር ቤት ስትሄድ እናቷ ደነገጡ። «ከሳሽ! አመመሽ እንዴ?» አሉ።

አልተከራከረችም። አጠገባቸው ቁጭ አለች። ደብተሯን አወጣችና አንብባ አስረዳቻቸው። ከዚያም «እማዬ፣ እስቲ አንቺንም ልለካሽ» አለች። የግፊት መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ክንዳቸው ላይ አሰረች። ላይኛው ቁጥር 160፣ ታችኛው 100 ሆነ። ዐረፍ ካሉ በኋላ እንደገና ለካች። ያው ነው። እናትየው አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዛሬ እናትየው መድኃኒት ይወስዳሉ። ጨውም ቀንሰዋል። ልጃቸው ስትመጣ አሁንም ያጎርሷታል። ግን አንዴ ብቻ ነው።

ለአንባቢ የሚሆን ምክር

በጤና ጣቢያ ክብደታችሁንና ግፊታችሁን አስለኩ። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። በደብተራችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉት።

ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ መጠንቀቅ ይገባል።

ክብደት ያለ ምክንያት ቢጨምር፣ እግር ቢያብጥ፣ ወይም አንገት ላይ እንቅርት ቢኖር ሐኪም ይመልከተው። ነፍሰ ጡርና የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ምክር ምግብ አይቀንሱ።

ለውይይት

1. ተማሪዋ ችግሩ የት እንዳለ ያወቀችው በምንድን ነው?
2. በሰፈራችሁ ሰው ሲወፍር ምን ይባላል? ሲከሳስ?
3. እናንተ በቀን ስንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ትወስዳላችሁ? ደምሩና በደብተራችሁ ጻፉ።
4. በቤታችሁ ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ማን አለ?