ምላስ ምን ያህል ይታመናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች አዋሽ ሰባት ላይ ቆም ይላሉ። ሹፌሩ ምሳውን በልቶ፣ ጎማውን ፈትሾ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሎጊያና ሰመራ ይዘልቃል። ከሚጫኑት ዕቃዎች አንዱ ጥሬ ቡና ነው። የዚያ ቡና ደረጃ የወጣለት ግን ጉዞው ሳይጀመር ነው። ፍሬው በዓይን ታይቶ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ የፈላ ውሃ ተደርጎበት፣ ባለሙያዎች በማንኪያ ፉት እያሉ ነጥብ ሰጥተውታል። ነጥቡ ዝቅ ካለ ዋጋውም ዝቅ ይላል። የገበሬው ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ደግሞ ከዚያው ዋጋ ነው።

የአንድ ቤተሰብ ገቢ በሌላ ሰው ምላስ የሚወሰን ከሆነ፣ ምላሱ ይታመናል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ጥያቄ ክፉኛ የተፈተኑት የወይን ጠጅ ቀማሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ በፈረንሳይ ቦርዶ የወይን ጠጅ ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች፣ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። ተማሪዎቹም መዓዛውን የቀይ ወይን በሚገለጽባቸው ቃላት ገለጹት። ዓይናቸው አፍንጫቸውን አታለለው። በአሜሪካ ደግሞ ሮበርት ሆጅሰን የተባሉ የወይን ጠጅ ጠማቂ፣ በካሊፎርኒያ ውድድር ላይ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ለዳኞች ሳይነገራቸው ሦስት ጊዜ እንዲቀርብ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ ለሦስቱም ተቀራራቢ ነጥብ የሰጠው ከ10 ዳኞች አንዱ ገደማ ብቻ ነበር።

ታዲያ ቅምሻ ሁሉ ውሸት ነው? አይደለም። የሚንገዳገደው ‹‹ይህኛው ከዚያኛው ይበልጣል›› የሚለው ፍርድ ነው። ‹‹ይህኛው ከዚያኛው ይለያል››፣ ‹‹ይህኛው ተበላሽቷል›› ማለት ግን በልምምድ የሚገኝ፣ በፈተናም የሚረጋገጥ ችሎታ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመሰከርላቸው ቡና ቀማሾች ከሚወስዷቸው ፈተናዎች አንዱ በሦስት ሲኒ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ለይቶ ማውጣት ግዴታ ነው። ቀለሙ እንዳይጠቁማቸው ክፍሉ በቀይ መብራት ይደበዝዛል። በሥራ ላይም ከአንድ ናሙና አምስት ኩባያ ይዘጋጃል፤ በአንዱ ውስጥ የገባ የተበላሸ ፍሬ እንዳያመልጥ ነው። ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ‹ልዩ ጣዕም ያለው› ይባላል። ገበሬውን ከወገንተኝነት የሚጠብቀው ደግሞ ናሙናው ያለ ስም፣ በኮድ ብቻ መቅረቡ ነው።

ይህ ችሎታ ከላቦራቶሪ ውጭም አለ። የግመል ወተት ጣዕም ግመሏ እንደምትግጠው ቅጠል ይለያያል፤ በአርብቶ አደር ቤት የወተት ዕቃው በጭስ ይታጠናል። በዚህ ወተት ያደገ የአፋር ልጅ፣ እንግዳ የማይሰማውን ልዩነት ቢለይ አይደንቅም። በየቤታችንም ‹‹ቡናው አሯል›› ለማለት አንድ ፉት የሚበቃቸው አያቶች አሉ። ትምህርት ቤታቸው የዕድሜ ልክ ጀበና ነው።

እሑድ ከሰዓት ቤት ውስጥ ይሞክሩት። ሁለት ሲኒ ከአንድ ቡና፣ ሦስተኛውን ከሌላ ይቅዱ። የማይቀምስ ሰው ሲኒዎቹን ያደበላልቅ፤ ቀማሹ ዓይኑን ይሸፈን። ለልጆች በቡና ፋንታ ሁለት ዓይነት ማር ይሆናል። ጨዋታውን ስድስት ጊዜ ይድገሙት። በግምት ብቻ ሁለቱን ማግኘት ይቻላል፤ አምስት ወይም ስድስቱን ያገኘ ግን በእርግጥ ይለያል። ልጆችም ከዚህ አንድ ነገር ይማራሉ፦ ‹‹አውቃለሁ›› ያለ ሰው መፈተንን አይፈራም።

እንግዲህ እማማ ‹‹ይህ ቡና ሻጋታ ሻጋታ ይላል›› ካሉ ይመኗቸው። ‹‹ከጎረቤት ቡና የኔ ይበልጣል›› ካሉ ግን፣ ዓይናቸውን ሸፍነው ሲኒዎቹን ያቅርቡላቸው።