የተቀየረ ጉልበት ዘግይቶ ሲያመረቅዝ

እናታችን የቀኝ ጉልበቷን ካስቀየረች አራት ዓመት አልፎ ነበር። ሕንድ አገር ተቀይሮላት ከተመለሰች በኋላ ደረጃ መውጣት፣ ገበያ መውረድ፣ ሠርግና ለቅሶ መድረስ ስለጀመረች ቤታችን ውስጥ የጉልበት ወሬ ከቀረ ሰንብቷል። አንዴ ተገጥሞ ያለቀለት ነገር ነው ብለን ነበር የምናስበው። ያለፈው ረመዳን ዘጠነኛ ሌሊት ላይ ነው እንዳላለቀለት ያየነው።

ያን ዕለት ከተራዊህ እንደተመለሰች ብርድ ብርድ አላት። ጋቢ ደራርበን፣ ትኩስ ሾርባ ሰጥተን አስተኛናት። ለሱሁር ስንቀሰቅሳት ጉልበቷ አብጧል፣ ቆዳው ቀልቷል፣ በእጅ ሲነካ ሙቀቱ ከግራው በግልጽ ይለያል። ሁላችንም ተራዊህን ወቀስን። ሃያ ረከዓ ቆማ የምትሰግድ፣ ለሱጁድ ብቻ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ናትና ድካም ነው አልን። በማግስቱ እንዳትጾም ለመናት፣ እንባዋ እየመጣ እሺ አለች።

ከዚያ ያደረግነውን ነገር ሳንደብቅ እንጽፋለን፤ ይህን ገጽ የምታነቡ ብዙ ቤተሰቦች ተመሳሳዩን እንደምታደርጉ ስለምናውቅ ነው። ወንድማችን ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ሄዶ አሞክሲሲሊን ገዛ። ባለሙያውን አንወቅስም፤ የመድኃኒቱን ስም ጠርተን የጠየቅነው እኛው ነን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየስምንት ሰዓቱ የሚዋጥ ነበር። እናታችን ግን በሦስተኛው ቀን ጾሟን ስለቀጠለች አንዱን በኢፍጣር፣ አንዱን በሱሁር እየዋጠች ሦስተኛውን ተወችው። ትኩሳቱ ወረደ፤ እብጠቱም ሟሸሸ። አልሐምዱሊላህ አልን።

በሃያኛው ቀን ተመለሰባት። ደግመን ያንኑ መድኃኒት ገዛን። ደግሞ ለዘብ አለላት። እስከ ዒድ ድረስ ጉልበቷን በረጅም ቀሚስ ሸፍና፣ ሳምቡሳዋን እየጠቀለለች፣ ስንጠይቃት ደህና ነኝ እያለች ወሩን ጨረሰች። ከሁለት ቀን በቀር ሁሉንም ጾመች። ወደ አጥንት ሐኪም የወሰድናት በሸዋል አሥረኛው ቀን ነው። ሕመሙ ከጀመረ ወር አልፎታል።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ተራዊህ ወይም ስለ ወንበር አልነበረም። ምን መድኃኒት እንደወሰደች ነው። ስንነግረው ዝም አለ። ከጉልበቷ በመርፌ የተወሰደው ፈሳሽ ነጭ የደም ሕዋስ እንደሞላበት ታየ፤ በደሟም ሲአርፒና ኢኤስአር የሚባሉት የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለዋል። የካልቸር ምርመራው ግን ምንም ባክቴሪያ አላበቀለም። በየመሐሉ የዋጠችው ኪኒን ባክቴሪያውን ሳይገድል ከምርመራ ደብቆታል። ስሙ ያልታወቀ ባክቴሪያን ደግሞ በየትኛው መድኃኒት እንደሚያክሙት ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ ሁኔታዋ በቅርብ እየታየ፣ ያለ ምንም ጸረ ባክቴሪያ ሁለት ሳምንት እንድትቆይ ተደረገ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሕመሟን በዓይናችን እያየን ቆየን። ሁለተኛው ናሙና ስታፊሎኮከስ ኦውረስ አበቀለ።

የተቀየረ ጉልበት ያለው ሰው በቤታችሁ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህን አትርሱ። ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ ፈሳሹ ሳይወሰድ አንዲትም የጸረ ባክቴሪያ ኪኒን አይዋጥ። ኪኒኑን ሐኪሙ ራሱ ይዘዝ። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ረመዳን ቢሆንም፣ የዒድ ዋዜማ ቢሆንም ያኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ግን ከአራት ዓመት በኋላ ባክቴሪያ ከየት መጣ? እኛም ይኸው ጥያቄ ነበረን። ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲገጠም የጭን አጥንቱ ጫፍ የብረት ቆብ ይደረግለታል፣ የቅልጥም አጥንቱ ራስ ላይ የብረት ዝርግ ይቀመጣል፣ በሁለቱ መካከል ፖሊኢትሊን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። እነዚህ ነገሮች የደም ሥር የላቸውም። የሰውነታችን መከላከያም ሆነ የምንውጠው መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነውና ብረቱ ላይ ያረፈ ባክቴሪያ በቀላሉ አይደረስበትም። ጭራሽ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ይደበቃል። ቀዶ ሕክምናው ያለ እንከን ተከናውኖ ዓመታት ካለፉ በኋላም ከተበላሸ ጥርስ፣ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከቆዳ ቁስል ተነስቶ በደም ወደ ብረቱ ሊደርስ ይችላል።

የእናታችን መነሻ የተገኘው ተረከዟ ላይ ነው። ስኳር አለባት፤ እግሯ ብዙም አይሰማትም። የግራ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ አንዱ ስንጥቅ መግል ቋጥሮ ነበር። እኛ ልጆቿ በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ ውኃ እያቀረብንላት፣ ያንን እግር ከላዩ እንጂ ከሥሩ አንድም ቀን አላየነውም። በጣቶቿ መካከል የሚቀረው እርጥበት ቆዳዋን አላልቶት እንደነበርም የተረዳነው ያኔ ነው። አሁን ከውዱእ በኋላ የእግሯ ጣቶች መካከል በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ተረከዟ ቅባት ይቀባል። ቁስል ኖሮ የታሰረ እንደሆነ በማሰሪያው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ በሸሪዓው የተፈቀደ መሆኑን የመስጂዳችን ሸኽ ነግረውናል፤ ዝርዝሩን ከየአካባቢያችሁ ዓሊም ጠይቁ።

ኢንፌክሽኑ በተጀመረ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቢደረስበት፣ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ተከፍቶ ይታጠባል፣ ፕላስቲኩ ይቀየራል፣ ብረቱ በቦታው ሊቀር ይችላል። እኛ ያን ጊዜ በሁለት ዙር ኪኒን አሳልፈነዋል። ስለዚህ የቀረላት ረጅሙ መንገድ ሆነ። ብረቱ በሙሉ ወጣ፤ በቦታው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ በጊዜያዊነት ገባ፤ ስድስት ሳምንት መድኃኒት ተሰጣት። ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ሌላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ አዲስ ጉልበት ተገጠመላት። ይህ ሁሉ የሆነው እዚያው ሕንድ አገር ነው። ታናሽ ወንድማችን ሥራውን ትቶ ሦስት ወር አስታመማት። የዐረፋን በዓል እሷ ከሆስፒታል አልጋ፣ እኛ ከሳሎናችን በስልክ እየተያየን አሳለፍን። ወጪው ከመጀመሪያው እጅግ በለጠ፤ ቁጥሩን እዚህ መጻፉ ለማንም አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ወረቀት እንናገር። ሐኪሞቹ ለሁለተኛው ሥራ ሲዘጋጁ የገባው ብረት የየትኛው ፋብሪካ፣ ስንት ቁጥር እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነበር። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጋር የተሰጣት ማኅደርና የብረቱ ተለጣፊ ወረቀቶች የተገኙት በሻንጣ ኪስ ውስጥ ከቴምር ከረጢት ጋር ተጣጥፈው ነው። ተገኙ እንጂ ባይገኙ ኖሮ ብዙ ድካም ይጠብቅ ነበር። ወላጆቻችሁ ሕንድ፣ ታይላንድ፣ ቱርክ ወይም እዚሁ አዲስ አበባ ተቀይሮላቸው ከሆነ ያንን ወረቀት ፈልጉት፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት።

ማስፈራራት አንፈልግም። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን የሚደርሰው ጉልበታቸው ከተቀየረላቸው 100 ሰዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከተቀየሩ 100 ሙሉ ጉልበቶች ወደ 82 የሚሆኑት 25 ዓመት ያገለግላሉ ብሎ ገምቷል። እናታችንም ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በጉልበቷ ተደስታበታለች፤ አስቀይሪ ብለን የጎተጎትናት እኛ በዚያ አንጸጸትም።

ዘግይተው የሚመጡት ችግሮች ሁሉ ኢንፌክሽን አይደሉም። ብረቱ ከአጥንቱ ሊላቀቅ፣ ፕላስቲኩ ሊያልቅ ይችላል። የመላቀቅ ሕመም ብዙ ጊዜ ከመቀመጫ ሲነሱ፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሲራመዱ የሚጀምርና ከዓመት ዓመት የሚብስ ነው። ትኩሳት የለውም፤ በራጅ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው ምንም ሳይሰማቸውም ቢሆን ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ ራጅ መነሳት ያለባቸው። ሌላው በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት መሰበር ነው፤ ይህ በአብዛኛው በመውደቅ ይመጣል። ረመዳን ደግሞ በሌሊት የሚነሱበት ወር ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ የውዱእ ውኃ በፈሰሰበት ሴራሚክ ላይ፣ በነጠላ ጫማ ለሱሁር መነሳት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ነው። በቤታችን መታጠቢያ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ያስገጠምነው ዘንድሮ ነው። ከዚህ በተረፈ ጉልበቱ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ማለቱ፣ ከጠባሳው በውጪ በኩል ያለው ቆዳ መደንዘዙ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞቅ ማለቱ ብዙዎች ላይ የሚታይ ነው። የሚያሰጋው ቀዝቅዞ የቆየ ጉልበት እንደገና ሲሞቅ ነው።

ስለ ሱጁድ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ነው፤ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን ከ140 በላይ ያስፈልጋል። መንበርከክ ብረቱን አይሰብረውም፤ ሐኪማቸው የፈቀደላቸው ሰዎች ወፍራም ስፖንጅ ሰጋጃ ላይ ቀስ ብለው ይንበረከካሉ። ብዙዎች ግን ስሜቱ አይመቻቸውም፣ ሁለት ጊዜ የተከፈተ ጉልበት ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል። እናታችንን ያሳመማት ከቁስሉ ይልቅ ይህ ነበር። ግንባሯን መሬት ላይ ሳታደርግ የሰገደችው ሶላት ጎዶሎ ይመስላት ነበር። ሸኹ ቤት ድረስ መጥተው የዒምራን ቢን ሑሰይንን ነገር አነሱላት። እኚህ ሶሓባ የኪንታሮት ሕመም ስለነበረባቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሶላት ጠይቀው፣ ቆመው መስገድ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ መፈቀዱ በቡኻሪ ተዘግቧል። መቆም የምትችለውን ያህል ቁሚ፤ ለሱጁድ ወንበር ላይ ሆነሽ ከሩኩዕ ይልቅ ዝቅ በይ አሏት። ወንበሩ ጎማ የሌለው፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ስትቀመጥ ዳሌዋ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ የሚልበት እንዲሆን ያሉን ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናቸው።

ስለ ጾሙም ተነጋገሩ። ቁርኣን ጾምን በደነገገበት በዚያው በሱረቱል በቀራ ለታመመና ለመንገደኛ በሌላ ቀን መተካትን እንደፈቀደ እናታችን ከእኛ በተሻለ ታውቃለች። ፈቃዱ ለእሷም መሆኑን መቀበል ነው የከበዳት። ሕመሟን ከእኛ መደበቋን ሸኹ ሶብር ብለው አላወደሱላትም፤ አካልም አማና ነው አሏት። ይድናል ተብሎ ተስፋ የሚደረግ ሕመም ያለበት በኋላ ቀዷ ያወጣል፤ የማይድን ሕመም ያለበት ስለ እያንዳንዱ ቀን ፊድያ ይሰጣል። የእሷ የመጀመሪያው ነበር፤ ሁለቱን ቀን ባለፈው ወር ጾማ ጨርሳለች።

ዘንድሮ የምትጾመው የስኳር ሐኪሟ መድኃኒቷን በኢፍጣርና በሱሁር ሰዓት ካስተካከለላት በኋላ ነው። ስኳሯ ከወረደ፣ መግሪብ ሊል አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እንደምታፈጥር ቃል አስገብተናታል። አዲሱ ጉልበት 95 ዲግሪ ይታጠፋል። ለተራዊህ መስጂድ ትሄዳለች፤ በሴቶቹ በኩል ከሰልፉ ጫፍ ወንበሯ ተቀምጦላታል። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ረከዓ ቆማ፣ የቀረውን ተቀምጣ ትሰግዳለች። ስትመለስ ታናሽ እህታችን የስልኳን መብራት አብርታ መሬት ላይ ትቀመጥና የሁለቱንም እግሯን መዳፍ፣ ተረከዝና የጣቶቿን መካከል ታያለች። እናታችን መጀመሪያ አፍራ እግሯን ትሰበስብ ነበር። አሁን ራሷ ዘርግታ ትጠብቃታለች፤ ከዘገየችም ትጣራለች።