ውሻውና ባለቤቱ የሚጋሩት ተውሳክ አንድ ነው?

ግራን ቻኮ የሚባለው ሰፊ ቆላ ሰሜን አርጀንቲናን፣ ደቡብ ምሥራቅ ቦሊቪያንና ምዕራብ ፓራጓይን ያካልላል። በዚያ ገጠር ብዙ ቤተሰብ ዛሬም የሚኖረው በጭቃ ግድግዳና በሣር ክዳን ቤት ነው። በግድግዳው ስንጥቅና በክዳኑ ውስጥ ቀን ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት የሚወጣ፣ የአገሬው ሰው ቪንቹካ የሚለው፣ ከትኋን በብዙ እጥፍ የሚተልቅ ደም መጣጭ ነፍሳት አለ። ከተኛው ሰው ደሙን ከጠጣ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያው ቆዳው ላይ ይጸዳዳል፤ ተውሳኩም የሚተላለፈው በንክሻው ሳይሆን በዓይነ ምድሩ ነው። ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሲያክ ተውሳኩ በተጫረው ቆዳ ወይም በዓይኑ በኩል ይገባል። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ ነፍሳቱን፣ ተውሳኩንና ሕመሙን አንድ ላይ አያይዞ ለዓለም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን በሽታው በስሙ ይጠራል። ተውሳኩ ትራይፓኖሶማ ክሩዚ ይባላል፤ በአገራችን ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ቆላዎች ከብት የሚፈጀው የገንዲ ተውሳክ ዘመዱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በደሙ ተሸክሞታል፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው ይሞትበታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት ቀላል ስለሆነ አብዛኛው ሰው መያዙን አያውቅም። ከዓመታት ዝምታ በኋላ ግን ከሦስት ታማሚዎች የአንዱ ልብ ይጎዳል፤ አንዳንዱም የምግብ ቧንቧው ወይም ትልቁ አንጀቱ ተለጥጦ ሥራውን ያቆማል።

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ተውሳኩ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚራባው ለሁለት እየተከፈለ፣ ራሱን እየገለበጠ ነው፤ ስለዚህ በጥንት ዘመን የተለያዩ ቅርንጫፎች ሳይቀላቀሉ በየፊናቸው ተጉዘዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ብራዚል ውስጥ ተሰብስበው ቅርንጫፎቹን በስድስት የዘር ሐረጎች ከፍለው ከቲሲ-1 እስከ ቲሲ-6 ሰየሟቸው፤ በሌሊት ወፎች ውስጥ የተገኘ ሌላ ሐረግም ኋላ ተጨምሯል። ቲሲ-1 ከደቡብ አሜሪካ አንስቶ እስከ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የተስፋፋ ሲሆን ኦፖሰም በሚባለው የዱር እንስሳ ዘንድ በብዛት ይገኛል። ቲሲ-3 በአርማዲሎ ይታወቃል። ቲሲ-5 እና ቲሲ-6 ግን የቲሲ-2 እና የቲሲ-3 ዲቃላዎች ናቸው፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሰውን ቤት፣ የሰውን ውሻና ቪንቹካን ተከትለው በደቡባዊው የአህጉሩ ክፍል ተዛምተዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በቻጋስ መያዙን ማወቅ የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው። በየትኛው ሐረግ ተያዘ? ያስ ሐረግ ከማን መጣ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ ከሰው ደም ብቻ መመለስ አይቻልም። አብሮት የሚያድረው ውሻ ደምም መመርመር አለበት።

ለምን ውሻ? በቻኮ ገጠር ውሻ የሚተኛው በበረንዳው ላይ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ቪንቹካ ከውሻ መመገብ ይቀናዋል፤ የተያዘ ውሻ ደግሞ በደሙ ብዙ ተውሳክ ስለሚያዘዋውር፣ ከእርሱ የጠጣ ነፍሳት በተውሳኩ የመያዝ ዕድሉ በቆየ በሽታ ከተያዘ አዋቂ ሰው ከጠጣው እጅግ ይበልጣል። ዶሮዎች በአንጻሩ ተውሳኩ አይዛቸውም፤ ነገር ግን ደማቸው ቪንቹካን ያረባል። ይህ ሁሉ በሰሜን አርጀንቲና መንደሮች በረጅም ዓመታት ምርምር የተረጋገጠ ነው። የዘረመል ምርመራው ሲጨመር ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በአርጀንቲና ቻኮ በውሾችና በድመቶች በብዛት የተገኘው ቲሲ-6 ሲሆን፣ ከአገሪቱ ታማሚዎች ደም ጎልቶ የወጣው ቲሲ-5 ነው። ውሻው ዋነኛው ምንጭ ከሆነ፣ ሰውየው የውሻውን ሐረግ ሳይሆን ሌላውን በደሙ ይዞ መገኘቱ ማብራሪያ ይሻል።

አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ውሻው ከደሙ ንጹሕ ነው ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ማስረጃው ወደዚያ የሚወስድ አይመስለኝም። አንድ ቪንቹካ ከአንድ በላይ ሐረግ ሊሸከም ይችላል፤ አንድ ሰውም እንዲሁ። በደም ውስጥ የሚታየው ሐረግ በልብ ጡንቻ ውስጥ ከተቀመጠው የተለየ ሆኖ የተገኘባቸው ታማሚዎች አሉ፤ ስለዚህ የደም ናሙና የሚያሳየን በዚያ ሰዓት በደም የሚዘዋወረውን እንጂ በሰውነት ውስጥ ያለውን ሁሉ አይደለም። ከዚህም በላይ ሰው ተውሳኩን የሚያገኘው ከቪንቹካ ብቻ አይደለም። እናት በእርግዝና ጊዜ ለልጇ ታስተላልፋለች፤ በዚህ መንገድ በተያዙ የአርጀንቲናና የቦሊቪያ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ቲሲ-5 በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ቲሲ-5 በሰው ዘንድ የበረከተው ከፊሉ በእናቶች በኩል ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለተሸጋገረ ሊሆን ይችላል። ውሻው እስከ ዛሬ ቪንቹካውን እየበከለ፣ የሰው ልጅም በማኅፀን በኩል ሌላ የቆየ ሐረግ እየወረሰ፣ ሁለት መንገዶች በአንድ ጎጆ ውስጥ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ለመጠርጠር እንኳ የቻልነው ሰውና ውሻ በአንድነት ስለተመረመሩ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከሐኪሞች ነው። መድኃኒቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቤንዝኒዳዞልና ኒፉርቲሞክስ። ሐረጉ ቢታወቅም ባይታወቅም የሚታዘዙት እነዚሁ ናቸው፤ የትኛው ሐረግ ልብ እንደሚጎዳ፣ የትኛው አንጀት እንደሚለጥጥም በእርግጠኝነት አልተለየም። ይህ እውነት ነው። የአንጀትና የምግብ ቧንቧ ጉዳት በደቡቡ የአህጉሩ ክፍል የተለመደ፣ ከአማዞን በስተሰሜን ግን ብርቅ መሆኑ ሐረጉን ያስጠረጥራል እንጂ ምክንያቱ ሐረጉ መሆኑን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው፣ በአምስት አገሮች ከ2,800 በላይ የልብ ታማሚዎችን ያሳተፈው የቤንዝኒዳዞል ጥናትም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ተውሳኩን ከደም በማጥፋት ረገድ በብራዚል ታማሚዎች ላይ ከኮሎምቢያና ከኤል ሳልቫዶር የተሻለ ሠርቷል፤ የልቡን መዳከም ግን በየትኛውም ቦታ በግልጽ አልገታም። ሆኖም ምርመራን በተመለከተ ክርክሩ ይለወጣል። በሽታው የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ በመፈለግ ነው፤ መፈለጊያው የሚሠራው ደግሞ ከተወሰኑ ሐረጎች በተወሰደ ፕሮቲን ነው። በአንድ አገር አስተማማኝ የሆነ ፈጣን ምርመራ በፔሩዋ አሬኪፓ ሲሞከር ብዙ ታማሚዎችን ስቷል። ከተለያዩ ቦታዎች የተገኘው ልዩነት ሁሉ የሐረግ ነው ባይባልም፣ በማያውቀው ተውሳክ ላይ የተሞከረ ምርመራ «ነጻ ነህ» ብሎ የሚሸኘው ታማሚ ሕክምናውን ያጣል። ሐረጉን ማወቅ ለዚያ ሰው የቅንጦት ዕውቀት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ልቤን የሚነካውም እርሱ ነው። ለዘረመል ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለግድግዳ ልስንና ለፀረ ነፍሳት ርጭት ቢውል አይሻልም ወይ? ርጭት ተአምር የሚባል ሥራ ሠርቷል፤ ኡራጓይ፣ ቺሊና ብራዚል በዋናው የቪንቹካ ዝርያ የሚመጣውን መተላለፍ ማቆማቸው ተመስክሮላቸዋል። በቻኮ ግን ከተረጨ በኋላ ነፍሳቱ ደግመው ይመጣሉ፤ በአንዳንድ ቦታም ርጭቱን ለምደውታል። የተመለሱት ከየት ነው? በውስጣቸው የሚገኘው ቲሲ-5 ወይም ቲሲ-6 ከሆነ፣ የቤቱ ዑደት ገና አልተቋረጠም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ቲሲ-1 ወይም ቲሲ-3 ከሆነ ደግሞ ዱሩን መመልከት ያስፈልጋል። ያው ርጭት በሁለቱም ቦታ አንድ ውጤት አይሰጥም። በዚህ ላይ የውሻ ዕድሜ አጭር ነው። በአንድ አረጋዊ ደም ውስጥ የተገኘ አንቲቦዲ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተያዘ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከርጭቱ በኋላ የተወለደ ቡችላ ተይዞ ከተገኘ ግን በዚያ ቤት በሽታው አሁንም እየተላለፈ ነው። ርጭቱ መሥራቱንና አለመሥራቱን በርካሽ የሚነግር ሌላ ምስክር አላውቅም።

ታዲያ ውሾቹን መግደል ነው ወይ መፍትሔው? አይደለም። የተገደለው ውሻ ቦታ በፍጥነት በአዲስ ቡችላ ይሞላል፤ ቡችላው ደግሞ ገና ያልተያዘ፣ ለተውሳኩ የተመቸ ነው። ውሻ ለአዳኝና ለእረኛ ቤተሰብ ጠባቂና ረዳት ስለሆነም ማንም በፈቃዱ አይሰጥም። በአርጀንቲና የተሞከረው ሌላ መንገድ ነው፤ ፀረ ነፍሳት የተነከረ የአንገት ማሰሪያና ፍሉራላነር የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት። መድኃኒቱን ከዋጠ ውሻ ደም የጠጣ ቪንቹካ ይሞታል፤ ርጭት የለመደውም ጭምር። ይህ በውሻ በኩል ያለውን መንገድ ይዘጋል። በእናት በኩል ያለውን ግን የውሻ መድኃኒት አይነካውም። እርሱን የሚዘጋው የተያዙ ልጃገረዶችን ከማርገዛቸው በፊት ማከም ነው፤ ቀደም ብለው የታከሙ ሴቶች ተውሳኩን ለልጆቻቸው የማስተላለፋቸው ዕድል እጅግ እንደሚቀንስ ታይቷል። የቻኮ መንደሮች የጤና ጣቢያዎች ሁለቱንም ሥራ እኩል ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ልጃገረዶቹን ለመለየት የሚይዙት የደም ምርመራ ግን በመጀመሪያ በዚያው አካባቢ ተውሳክ ላይ የተፈተነ መሆን አለበት።