ሐብሐቡና ሳህኑ በአንድ ከረጢት

ከእስራኤሏ ናታንያ ባሕር ዳርቻ ወደ ሰሜን ላየ ሰው የሐዴራ ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ብቅ ብለው ይታዩታል፤ ረጅሙ 300 ሜትር ነው። ቅዳሜ ማታ አሸዋው ላይ ያሉት በርሜሎች በሐብሐብ ቅርፊትና በሚጣል ሳህን ጢም ይላሉ። ይህ ሁሉ መብራት ይሁን ወይስ ይቀበር? እስራኤል በዚህ ጥያቄ ስትከራከር ዓመታት አልፈዋል።

እስካሁን ያሸነፈው ጉድጓዱ ነው። ከከተማ ቆሻሻ 80 በመቶ ያህሉ ይቀበራል፤ ከመሀል አገር የሚወጣው ብዙው በከባድ መኪና ተጭኖ በደቡብ ወዳለው ነጌቭ በረሃ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሚቀበረው ቶን ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ መቅበሩ ግን አልቆመም። በቴል አቪቭ አቅራቢያ ያለው የሂሪያ የቆሻሻ ክምር እ.ኤ.አ. በ1998 ሲዘጋ አንዱ ምክንያት በላዩ የሚያንዣብቡት ወፎች ለአውሮፕላኖች አስጊ መሆናቸው ነበር። ዛሬ እዚያው ያለ ፋብሪካ ደረቁን ቆሻሻ ለይቶ ለራምላ ሲሚንቶ ፋብሪካ ማገዶ ያደርገዋል።

ቆሻሻን ወደ መብራት የሚለውጠው ሌላው ዘዴ፣ ጋዚፊኬሽን የሚባለው፣ እንዲህ ካለው ማቃጠል የተለየ ነው። ከሰል ሲከሰል ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። አክሳዩ እንጨቱን በአፈር ይደፍነዋል፤ አየር ስለሚያንሰው እንጨቱ አይነድም፣ ይጨሳል። ያ ጭስ ራሱ የሚነድ ጋዝ አለበት። ጋዚፊኬሽን አየሩን መጥኖ፣ ሙቀቱን ብዙ መቶ ዲግሪ አድርሶ፣ አክሳዩ ወደ ሰማይ የሚለቀውን ጋዝ ይይዛል። ዋናው የሚነድ ይዘቱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ነው፤ ከታጠበ በኋላ ሞተር ያሽከረክራል።

ጣጣው ያለው ማጠቡ ላይ ነው። ከጋዙ ጋር የሚወጣው ቅጥራን ቧንቧ ይደፍናል፤ የሚገባው ቆሻሻ በየቀኑ መልኩን ሲቀያይር ደግሞ ምድጃው ይዛባል። ኤር ፕሮዳክትስ የተባለው ኩባንያ በሰሜን እንግሊዝ ሁለት ግዙፍ የጋዚፊኬሽን ጣቢያዎችን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥሏቸው ወጣ። በፊንላንድ ላህቲ ያለው ግን ይሠራል፤ የሚበላው ተለይቶ የደረቀ ማገዶ ነውና። ለእኔ የክርክሩ ቁልፍ ያለው እዚህ፣ ደረቁን ከእርጥቡ መለየቱ ላይ ነው።

ይኸው ጥያቄ አዲስ አበባም አለ፤ እሷ የመረጠችው ግን ጋዚፊኬሽንን ሳይሆን ቀጥታ ማቃጠልን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከአጠገቡ ይገነባ የነበረው የረጲ ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የታቀደው በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥልና ሁለት ባለ 25 ሜጋ ዋት ተርባይኖችን እንዲያንቀሳቅስ ነበር። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የጓዳ ትርፍራፊ ነው፤ ውሃ የቋጠረ። ፕላስቲኩንና ካርቶኑን ደግሞ ለቃሚውና ቆራሌው ቀድመው ይወስዱታል። ለምድጃው የሚተርፈው እርጥቡ ነው፤ ከሙቀቱ አንዱ ክፍል ያን ውሃ በማትነን ያልቃል።

በናታንያ ግን የሚነደው ነገር ሞልቷል፤ ሰንበትና በዓል በመጣ ቁጥር የሚጣለው ሳህን ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 መንግሥት በእነዚህ ሳህኖች ላይ ቀረጥ ጣለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አነሳው። ሳህኑ ዛሬም ከሐብሐቡ ቅርፊት ጋር በአንድ ከረጢት ታስሮ ወደ ደቡብ ይጫናል።