የሌለ ኩባንያ አርማ ምን ይሠራል?

«ኤሊየን» የተሰኘውን የ1979 ፊልም ያየ ሰው የሚያስታውሰው አውሬውን ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፊልሙ ውስጥ ግን ብዙዎች ልብ ሳይሉት የሚያልፉት ሌላ ነገር አለ። ታሪኩ በሚካሄድባት የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ፣ በኮምፒውተሩ ስክሪንና በቢራው ቆርቆሮ ላይ «ዌይላን ዩታኒ» የሚል የኩባንያ ስም ተጽፏል። እንዲህ የሚባል ኩባንያ ኖሮ አያውቅም። ለአንድ ፊልም ተብሎ የተፈጠረ ነው። ታዲያ ማንም በማያነበው ቆርቆሮ ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?

መልሱ ቀላል ነው። ሰው በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ጽሑፍ አለ፤ በር ላይ፣ ቱታ ላይ፣ ካርቶን ላይ። ግድግዳው ባዶ የሆነ መንኮራኩር ትናንት ከአናጺ እጅ የወጣ እንጨት መሆኑ ያስታውቃል። አርማ ሲለጠፍበት ግን ባለቤት ያገኛል። ባለቤት ካለ ደግሞ አለቃ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ትርፍና ኪሳራ አለ። ተዋንያኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተመልካቹ ስለዚያ ዓለም ብዙ አውቋል ማለት ነው።

የዌይላን ዩታኒን ስም ያወጣው ሠዓሊው ሮን ኮብ ነው። ኮብ እንግሊዝና ጃፓን ተጣምረው የመንኮራኩር ሥራውን የተቆጣጠሩበትን ዘመን ለመጠቆም ፈለገ። መጀመሪያ ያሰባቸው ሁለቱን መኪና አምራቾች፣ ሌይላንድንና ቶዮታን ነበር። ስማቸውን በፊልሙ በቀጥታ መጠቀም ስላልቻለ ሌይላንድን «ዌይላን» አደረገው፤ «ዩታኒ»ን ከአንድ ጃፓናዊ ጎረቤቱ ተዋሰ። በ1970ዎቹ የጃፓን መኪና በየአገሩ መንገድ ሲበዛ ላየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጥሩ የፈጠራ ስም እንዲህ ነው፤ አዲስ ቢሆንም ጆሮ ቀድሞ የሰማው ይመስለዋል። በ1986 በወጣው ተከታይ ፊልም ስሙ አንድ ፊደል ተጨምሮበት «ዌይላንድ ዩታኒ» ሆኗል።

ኮብ በዚህ አላበቃም። የ«ኤሊየን»ዋ ኖስትሮሞ 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን የምትጎትት፣ ሰባት ሠራተኞች ያሏት የጭነት መንኮራኩር ናት። እንዲህ ያለ የሥራ ቦታ የደኅንነት ምልክት ያስፈልገዋልና ኮብ እንደ መንገድ ዳር የትራፊክ ምልክቶች ያለ አንድ ወጥ ሥርዓት ነደፈላት። ሁሉም ማዕዘናቸው የተድቦለቦለ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ቀለማቸውም ጥቂት ነው። ሰው ሠራሽ ስበት ያለበት ክፍል የራሱ ምልክት አለው፤ አደገኛ ጨረር ያለበትም እንዲሁ። ቡና እንኳ አልተረሳም፤ እሱም ምልክት አለው።

ሌሎች ፊልሞች የተከተሉት መንገድ እውነተኛ ብራንድ መጠቀም ነው። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ባወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በተባለው ፊልም መንገደኛ ወደ ጠፈር የሚያደርሰው የፓን አሜሪካን አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱም በዚያው ዘመን ወደ ጨረቃ ለመብረር የሚሹ ሰዎችን ይመዘግብ ነበር፤ ከ93,000 በላይ ሰው ስሙን አስመዝግቧል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ በ1991 ተዘጋ፤ ፊልሙ የተሰየመበትን ዓመት እንኳ አላየም። በ1982 የወጣው «ብሌድ ራነር» ደግሞ የ2019ን ሎስ አንጀለስ ሲያሳይ ኮካኮላን፣ አታሪንና ፓን አሜሪካንን አብርቷል። ኮካኮላ እንዳለ አለ፤ ፓን አሜሪካን ግን ቀኑ ሳይደርስ ከሰማይ ወርዷል። እውነተኛ ብራንድ ፊልሙን ቶሎ ያሳምንለታል፤ ሲከስር ግን ፊልሙን ያስረጅበታል። የፈጠራ ኩባንያ ይህ ስጋት የለበትም፤ ያልተቋቋመ ድርጅት አይከስርም።

ሦስተኛው መንገድ የምናውቀውን ፊደል ጨርሶ መተው ነው። በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» አንድ መሣሪያ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ይታይ ነበር። በ2004ቱ የዲቪዲ እትም ጽሑፉ «ኦረቤሽ» በተባለ የፈጠራ ፊደል ተተካ። ከእኛ ርቆ በሚገኝ ጋላክሲ ውስጥ እንግሊዝኛ ምን ይሠራል?

አንዳንዴ ደግሞ የፈጠራው ዕቃ ከፊልሙ ወጥቶ ገበያ ይገባል። በ1989 «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ክፍል ሁለት የ2015ን ዓለም ሲያሳይ «ፔፕሲ ፐርፌክት» የሚባል መጠጥ ፈጥሮ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ ፔፕሲ 6,500 ጠርሙስ ሠርቶ አንዱን በ20.15 ዶላር ሸጠው፤ ዋጋው ራሱ ዓመቱን እንዲያስታውስ ታስቦ ነው።

በአማርኛ የተሠራው የ2015 ፊልም «ክራምብስ» ጥያቄውን ገልብጦ ያነሣዋል። ኩባንያው ጠፍቶ ዕቃው ብቻ ቢቀርስ? ፋብሪካዎቹ ከጠፉ በኋላ በሚኖሩት ሰዎች ዘንድ የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራሉ። አርማውን የሚያከብረው ሰው የአርማውን ትርጉም አያውቅም።

ወደ ኖስትሮሞ እንመለስ። በ1979ኙ ፊልም የኩባንያው አለቆች አንድ ጊዜ እንኳ አይታዩም። ሠራተኞቹም ሲጠሩት «ኩባንያው» ከማለት አያልፉም። በመጨረሻ ግን አውሬው ተይዞ እንዲመጣ፣ ለዚያም የሠራተኞቹ ሕይወት ቢጠፋ ግድ እንደሌለ የሚገልጽ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገኛል። ሠራተኞቹን ያስደነገጠው ይህ ትእዛዝ ቆርቆሮውን ላነበበ ተመልካች እንግዳ አይሆንበትም። መንኮራኩሯም ቢራውም የማን እንደሆኑ ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር።